ያቃናሁት መስቀል

እጄ አያርፍም። ሰው ቤት ገብቼ የተጣመመ ምንጣፍ ካየሁ ሳላስተካክል ወንበር አልይዝም፤ ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ያራቪል በሚባል ሰፈር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሺፍት እየገባሁ የምንከባከባቸው ሀንጋሪያዊት አሮጊት ግን ይህን ጠባዬን ወደውልኝ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ቤታቸውን የሚያዩት በእጃቸው ነው፤ ዕቃው ሁሉ በየቦታው ሲገኝ ደስ ይላቸዋል። በእንግሊዝኛ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ አገሩ እንደዚያ ነው። በልቤ ግን እትዬ ነበር የምላቸው።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ጥልፍ ጨርቅ የለበሰ አንድ ዘውድ አለ። የሞቱት ባለቤታቸው ወደቡ አካባቢ ብረት በያጅ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የአገራቸውን የነገሥታት ዘውድ አስመስለው ከናስና ከባለቀለም ጠርሙስ ሠሩት። እትዬ በየጠዋቱ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አስገብተው ይዳስሱታል። እኔ ተገልጦ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሻያቸውን እየጠጡ ብዙ ያወሩኛል። በእነሱ አገር ዘውዱ የንጉሡ አይደለም፣ ንጉሡ ነው የዘውዱ፤ መሬቱም የዘውዱ ነው ይባል ነበር። በሌላ ዘውድ የነገሠ ሰው አልነገሠም ተብሎ፣ በዚህኛው እስኪነግሥ ሦስት ጊዜ ዘውድ የጫነ ንጉሥ ነበራቸው። አዲሱ ንጉሥ በፈረስ ጉብታ ላይ ይወጣና ሰይፉን ወደ አራቱም ማዕዘን ይሰነዝራል፤ ጠላት ከየትም ቢመጣ እከላከላለሁ ማለቱ ነው። በትረ መንግሥትም፣ መስቀል ያለበት ሉልም፣ የመጀመሪያው ንጉሥ ሚስት አስጠልፋዋለች የሚባል ካባም አለ። ካባ ሲሉኝ እኔም በሠርጌ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካባ ለብሼ፣ አክሊል ደፍቼ እንደነበር ነገርኳቸው። ታዲያ አንቺም ነግሠሻል ብለው ሳቁብኝ።

የመጀመሪያው ንጉሣቸው በዓል ሲደርስ ዘውዱን አዳራሽ ወስደው ለአገራቸው ሰው ልጆች ሊያሳዩ ፈለጉ። ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሳቸው ጋደም እንዳሉ፣ ልወለውለው ብዬ ጨርቁን ገለጥኩ። ምን ልበላችሁ፣ አናቱ ላይ ያለው መስቀል ዘሟል። ለበዓል ዘማማ መስቀል ይዞ እንዴት ይወጣል? የሆነ ጊዜ ወድቆባቸው ነው አልኩ። በስመ አብ ብዬ ተሳለምኩት፤ ከኩሽና ፒንሳ አምጥቼ፣ በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ አቃናሁት። ቀጥ አለ። ደስ ብሎኝ ሻይ ጣድኩ።

እትዬ ተነሥተው መጡና እንደ ልማዳቸው ዳሰሱት። ጣታቸው መስቀሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ነገሩኝ። የዋናው ዘውድ መስቀልም ዘማማ ነው። ድሮ አንድ ሰው ቸኩሎ የሳጥኑን ክዳን ሲዘጋው ጎበጠ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዘውዱ ተቀብሯል፣ ተሰድዷል፣ ባሕር ተሻግሮ ተመልሷል፤ መስቀሉን ግን ማንም አላቃናውም። በአገራቸው አርማ ላይ እንኳ የሚሣለው እንደዘመመ ነው። ባለቤታቸው ያንን ዘንበል ማለት ልክ እስኪያመጡት ድረስ ስንቴ በይደው ስንቴ ፈትተውታል።

ክው አልኩ። መጀመሪያ የታሰበኝ ሥራዬ ነው፤ ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ይደውላሉ አልኩ። ወዲያው በራሴ አፈርኩ። እኚህ ሴት በየጠዋቱ የሚዳስሱት የባላቸውን እጅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁባቸው። እጄን ቁርጥ ያድርገው አልኩ በአማርኛ።

“መልሺው” አሉኝ።

እግዜር ይስጣቸው፣ የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። ናሱ ቀጭን እንደሆነ፣ አንዴ ስለተቃና ሲታጠፍ ሊበጠስ እንደሚችል ነገርኳቸው። ከተበጠሰ የሚበይድልን ሰው የለም፤ ባለቤታቸው ሞተዋል። ጣታቸውን መስቀሉ ጫፍ ላይ አሳረፉ። እመቤቴን እየጠራሁ በፒንሳው ያዝኩት። ትንሽ ገፋሁ። ጨምሪ አሉኝ። ጨመርኩ። ናሱ ሲጥ አለ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን አላነሡም። ከዚያ በቃ አሉ። አልተበጠሰም። እጃቸውን ስቤ ሳምኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ስለማያውቁ ግራ ገባቸው። እንደ በፊቱ ሆነ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ በዝቷል፣ ግን ይሁን አሉ።

እሑድ ሺፍት አልነበረኝም። ከቅዳሴ ወጥቼ በራሴ መኪና አዳራሹ ወሰድኳቸው። ልጆቹ ዘውዱን ሲከቡ እኔ ቦርሳቸውን ይዤ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ከእሳቸው ጋር የሚያየኝ ሰው ሁሉ ኬረር፣ ተቀጣሪ ተንከባካቢ መሆኔን አውቆ ያልፈኛል፤ ለምጄዋለሁ። አንዲት ልጅ ማን ነው የሠራው ብላ ጠየቀች። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው በአየር ላይ ሲፈልጉኝ አየሁና ቀረብኩ፤ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

“ዘውዱን የሠራው ባሌ ነው” አሏት። “መስቀሉን ያዘመመችው ደግሞ እሷ ናት።”