ከጎን የተሣለ ፊት

ወንድሜ መዝመቱን የነገረኝ ከሽሮ ሜዳ ነጠላ ለመሸጥ የመጣ የአባቴ ቤት ጎረቤት ነው። ኢሉባቦር፣ ዛሬም ድረስ በምኖርባት ትንሽ ከተማ፣ ከምሠራበት ክሊኒክ ደጃፍ ቆሞ፣ «አይዞሽ፣ ማንም አላስገደደውም። ብሩሾቹን እንኳ ለሰፈር ልጆች አከፋፍሎ ነው የሄደው» አለኝ። ማጽናናቱ ነበር። እኔ ግን ከጦርነቱ ይልቅ የብሩሾቹ ነገር አስደነገጠኝ።

አባታችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ቁስቋም ዳገት ላይ ባለው ቤታችን ቀለም ሲፈጩ፣ ሙጫ ሲያፈሉ ነው ያደግነው። በእርሳቸው ሥራ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚቀረው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ወንድሜ ደግሞ ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ የዘይት ቀለም ይማር ነበር።

አንድ ቀን የጃፓን ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፍ ተውሶ መጣ።

«አባባ፣ ይዩ እስቲ። ጃፓኖች እንሠልጥን ብለው ሲነሡ ሠዓሊዎቻቸው ለሁለት ተከፈሉ። እኒህ እንደ ፈረንጅ በዘይት ቀለም፣ እነዚያ በአገራቸው ወግ፤ ድንጋይ ፈጭተው፣ በሙጫ ለውሰው።»

«ሙጫዎቹ ይሻላሉ» አሉ አባባ፣ ገጹን እየገለጡ። ከዚያ በአገሩ ወግ የተሣለች አንዲት ሴት ላይ ቆሙ። ከጎን ነበረች። «ይህችስ ምን በድላ ነው?»

ወንድሜ ሣቀ። «እዚያ እኮ ከጎን መሣል ነውር አይደለም!»

«እሱ በአገሯ ነዋ።»

ለመመረቂያው የሣለው እኔን ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ዳዊት ስደግም፣ ከጎን። አባባ ሥዕሉን አይተው ጨርቁን መልሰው ጣሉበት። እራታቸውንም አልበሉም።

ሥዕሉን በሚያስረክብበት ጠዋት ጨርቁን ገለጠው። ጉንጬ ላይ ሁለተኛ ዓይን ተሥሏል፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ የአባባ እጅ። አፍንጫዬ ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነው፣ ዓይኑ ግን እኛን ያያል።

«አባባ፣ ምን አደረጉኝ?»

«እህትህን ከይሁዳ ተርታ አወጣኋት» አሉት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

ወንድሜ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርገው፣ ከሥሩ ያለው ዘይት ቀለም ገና አልደረቀም ነበርና፣ ጉንጬም አብሮ ተነሣ። በዚያ ዓመት ሳይመረቅ ቀረ። ቤት ውስጥ ከአባባ ጋር ሰላምታ ብቻ ሆኑ። እኔም ብዙም ሳልቆይ ወደዚህ ተመደብሁ።

ዓይን ጨምሩልኝ ብዬ አልለመንሁም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ያን ጠዋት ሁለቱን ዓይኖቼን ሳይ፣ ወንድሜ አጠገቤ እንደቆመ፣ በልቤ «ተመስገን» ብያለሁ። ለንስሓ አባቴ ስነግራቸው፣ «ይህ ምኑ ኃጢአት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ፈቱኝ፤ እኔ ግን አልተፈታሁም።

ወንድሜ አልተመለሰም። አሟሟቱን አልጠይቅም። እናንተ በማሠልጠኛው አብራችሁት የነበራችሁ፣ በአንድ ድንኳን ያደራችሁ፣ ብሩሽ ባይኖረው በከሰል፣ ሸራ ባይኖር በካርቶን፣ አንድ ነገር ሥሎ እንደሆነ ንገሩኝ። የአንዳችሁን ፊት ሥሎ ከሆነና ያ ካርቶን በእጃችሁ ካለም፣ እባካችሁ አሳዩኝ፤ ከጎንም ቢሆን።