ሻይ ቤት የተባለችው ቢጫ መኪና

ሄዘር ፕሮበርት ሠላሳ አንድ ዓመት በእንግሊዟ ሉድሎ ከተማ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድንች ስትልጥና የልጆች ምሳ ስትጨልፍ ኖራለች። በከተማው ከአርባ ዓመት በታች ሆኖ የሄዘርን አተር ያልበላ፣ ወይም በልቻለሁ ብሎ ያልዋሸ፣ የለም ማለት ይቻላል። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጅ አልወለዱም። ስልሳ ሰባት ዓመት ሲሞላት ጡረታ ወጣች፤ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ማንንም ሳታማክር፣ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ሥር አልጋ፣ ምድጃና መጋረጃ ያላት አሮጌ ቢጫ ሚኒባስ ገዝታ እየነዳች መጣች። ጣሪያዋ እንደ ባርኔጣ ወደ ላይ ብድግ የሚል ነው።

ታላቅ እህቷ ሜርል በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ስታያት ቆየች። ሁለቱ የሚኖሩት ጎን ለጎን ነው። ሜርል አላገባችም፤ ለልጆች ፒያኖ አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ የነገርን መጥፎ መጨረሻ ከመጀመሪያው የምታይ ሴት ናት።

"አብደሻል?" አለቻት።

"ገና ነኝ። የማብደው ቅዳሜ ነው" አለች ሄዘር። "ስኮትላንድ ጫፍ ድረስ እሄዳለሁ፤ መሬቱ አልቆ ባሕሩ እስኪጀምር።"

ከዌልስ ባሕር ዳርቻ አልፋ ለማታውቅ ሴት ይሄ ትልቅ ንግግር ነው።

ረቡዕ የገበያ ቀን ስለሆነ ለመንገዱ የሚያስፈልጋትን ልትገዛ ቢጫዋን አስነስታ ወጣች። ሜርልም "አንቺን ብቻሽን ገበያ የሚለቅ ማን ነው?" ብላ ከጎኗ ተቀመጠች። አደባባዩ ጥግ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ዴንዚል ከሩቅ ሲያያቸው እጁን አውለበለበ።

"ነይ፣ ነይ! የኔ መኪና ጋራዥ ገብታለች፤ ቦታዋ ላይ አቁሚያት። አተርሽን በኪሴ እየደበቅኩ ላስወጣሁት ሁሉ ካሣ ይሁንልሽ!"

"አውቅ ነበር እኮ!" አለች ሄዘር። "ለዚህ ነው ሁልጊዜ የምደግምልህ የነበረው!"

ከእሱ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ፣ የድንኳን መዶሻና ስምንት የማይመሳሰሉ ኩባያዎች ገዛች። ደግሞም የጉዞዋን ቀናት ልትጽፍበት ብላ ከተዘጋ ሻይ ቤት የመጣ ጥቁር ሰሌዳ ወሰደች። "ትኩስ ሻይ እዚህ አለ" የሚለው የድሮ ጽሑፍ አልጠፋም ነበር። ኩባያዎቹን በመኪናዋ መስኮት ላይ ደረደረች፤ በቅርቡ የተቀባው ውስጧ ቀለም ቀለም ስለሚሸት መስኮቱንም ጣሪያውንም እንዲናፈስ ከፈተችው። ሰሌዳውን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ዴንዚልን "ዓይንህን ጣልልኝ" ብላው ሄደች።

እና ያን ቀን ሄዘር አንድ ነገር ገባት፤ የተወለደችበትን ከተማ በእኩለ ቀን አታውቀውም። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ጭልፋ ይዛ ነው የምትገኘው። አሁን ፀሐዩ በሰፊው ቁልቁለት ጎዳና ላይ እስከ ወንዙ ተዘርግቷል፣ የቤቶቹ መስኮት ሁሉ ያብረቀርቃል፣ ሰው ዳቦውን በብብቱ ይዞ ያወራል። ሄዘር እንደ ጥጃ ቦረቀች። ሰው በጎን ካልሆነ የማያልፍባት ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ ገብታ በሌላ ጎዳና ወጣች፤ ሳቀችና ተመልሳ በዚያው ገባች። አዝራር ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አግኝታ የማያስፈልጋትን አዝራር ገዛች። አይብ ሻጩ ደግሞ ሻጋታው እንደ ሰማያዊ የደም ሥር የሚሮጥበት አይብ አቀመሳትና አንድ ትልቅ ቁራጭ ይዛ ወጣች።

"ይሄ የሚገማ ነገር መኪናው ውስጥ ከገባ እኔ አልገባም!" አለች ሜርል።

"ደግሞ ግቢ ያለሽ ማን ነው?" አለች ሄዘር እየሳቀች።

ሜርል የቦርሳዋን ማንገቻ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ አደረገች። ሄዘር የእህቷን እጅ አየችና ነገሩ ገባት። መኪናዋን ካመጣች ጀምሮ ስለ ጉዞው ስታወራ፣ እህቷን አንድም ቀን "ትመጫለሽ?" አላለቻትም ነበር።

ቀና ብላ የቅዱስ ላውረንስ ቤተ ክርስቲያንን ረጅም የደወል ግንብ አየችና "ነይ እንውጣ" አለቻት። ዕድሜያቸውን በዚያ ግንብ ጥላ ሥር የኖሩ ሁለት ሴቶች አንድ ቀን ወጥተውት አያውቁም። ሁለት መቶ ደረጃ ነው፤ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ከገመድ በቀር መያዣ የሌለው። ሜርል ከፊት፣ ሄዘር ከኋላ፣ እያለከለኩ ወጡ። ከላይ ነፋሱ የሄዘርን ኮፍያ ነጥቆ ወደ ክሊ ኮረብታ ይዞት ሄደ። ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በአጥር በተከፋፈለው እርሻ መሃል እንደ ክር ተዘርግቶ ይታያል።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለች ሜርል መንገዱን እያየች።

"አይሆንም ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ።"

"እል ነበራ!"

"እኮ!"

"እኮ ምን? እምቢ የማለት መብቴን ነሳሽኝ እኮ! ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ለማን ነው እምቢ ያልኩት? ለሚጠይቀኝ አይደል!"

ተያዩ። መጀመሪያ የሜርል ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሁለቱም ግንቡ ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሜርል ዓይኗን እየጠረገች ቁልቁል ስትመለከት ሳቋን በአንድ ጊዜ አቆመች። "ሄዘር፣ መኪናሽ ላይ ሰው ተሰልፏል።"

እውነትም ሃያ የሚሆን ሰው ከቢጫዋ መስኮት ጀምሮ እስከ አበባ ሻጩ ድረስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይጋፋ፣ በሥርዓት ቆሟል።

ሁለት መቶውን ደረጃ እንዴት እንደወረዱት አያውቁትም። ሲደርሱ ዴንዚል ከሳቁ ብዛት ቀልቶ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጧል።

"ሰሌዳው ነው! አይደለም ብል ማን ይስማኝ? አንድ ሰው ቆመ፣ ሌላው ከኋላው ቆመ፤ በቃ!"

"ይቅርታ፣ እኛ እንኳ..." ብላ ሄዘር ስትጀምር ሜርል ክንዷን ያዘቻት።

"ተሰልፎ የቆመን ሰው ባዶ እጁን አይመልሱም" አለችና ካፖርቷን አውልቃ እጅጌዋን ሰበሰበች። "ማንቆርቆሪያውን ጣጂው!"

ማንቆርቆሪያው አፏጨ። ስምንቱ ኩባያዎች እየታጠቡ ይዞራሉ፤ ወተት ሲያልቅ ዴንዚል ሮጦ ያመጣል።

"ስንት ነው?" አሉ ፊት የቆሙት ሽማግሌ ገበሬ።

"አንድ ምክር" አለች ሜርል። "ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ ያውቁታል?"

"እንዴታ! ኮረብታ ላይ ስታቆሙ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ፍሬኑን አትመኑት፣ እናንተ ልጆች።"

"ልጆች" መባላቸው ሄዘርን እንደገና አሳቃት። ከገበሬው ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ ስለ ስኮትላንድ ትንኝ ነገረቻቸው፤ ዓይን የማይሞላ፣ ሥጋ የሚቦጭቅ፣ መረብ ካልለበሱ የማይቻል። አንዱ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ቢጠይቅ ሜርል ያንኑ የሚገማውን አይብ በዳቦ አድርጋ ሰጠችው፤ ተመልሶ መጥቶ ድገሚኝ አለ።

በመጨረሻ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ወጣት፣ የቅጣት ወረቀቷ በእጇ።

"መነገጃ ፈቃድ አላችሁ?"

"ምን ሸጥንና?" አለች ሜርል። "እንግዳ እየተቀበልን ነው።"

ልጅቷ ወደ ውስጥ አየት አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። "ወይዘሮ ፕሮበርት? እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ አተሩን እወደው ነበር!"

"አንድ ሰው ተገኘ!" ብላ ጮኸች ሄዘር፤ ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ሻይዋን በሁለት ስኳር ጠጥታ "አስር ደቂቃ አላየኋችሁም" ብላ ሄደች።

ኩባያዎቹ ሲታጠቡ ሜርል አንገቷን ቀና አድርጋ ከጣሪያው ሥር ያለችውን ጠባብ አልጋ ትመረምር ጀመር።

"እዚህ ላይ የሚተኛው ማን ነው?"

ሄዘር በዚህ ጊዜ በሥርዓቱ ጠየቀች። "ሜርል፣ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ?"

"አይሆንም" አለች ሜርል፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያጣጣመች። ከዚያ "አይሆንም ማለቱ ደስ ይላል። ትራሴን ግን ከቤት አመጣለሁ፤ ያንቺን አልወደውም" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። እስከ ማታ መቶ ማይል ሊያልፉ አስበው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ገና አሥራ አምስተኛው ላይ ነበሩ፤ ሜርል ያየችው መንደር ሁሉ ላይ "አቁሚ!" ትላለች። የስኮትላንድ ጫፍ ደርሰው ባሕሩን ያዩት በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሜርል ጫማዋንና ካልሲዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በረዶ በሚመስለው ውኃ ውስጥ ሰተት ብላ ገባች። ሄዘርም እየጮኸች ተከተለቻት።