የአባቴ የድጋፍ ደብዳቤ

ባሌ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ካናዳ ነው። ሠርጋችን እንዳለፈ ወደዚያው ተመለሰ፤ እኔም ለጉብኝት ቪዛ ለማመልከት ተነሳሁ። ጎብኝቼ እንደምመለስ ቪዛ ሰጪዎቹን ማሳመን ነበረብኝ። ጡረተኛው አባቴ ይህን ሲሰማ ልደታ ቤታችን ቁጭ ብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ፦ «ልጄን በወግ በማዕረግ ድሬያለሁ። ከእንግዲህ ቤቷ የባሏ ቤት ነው።»

ሜክሲኮ አደባባይ ፎርም የሚሞላልኝ ሰውዬ አንብቦ ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄ ከገባማ አትመለሺም ይሉሻል» አለኝ። በአባቴ መሳቁ አንጨረጨረኝ፤ ደብዳቤውን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት።

ያለ ደብዳቤውም ተከለከልኩ። ምክንያቱ ያው ነው፤ አትመለስም።

መከልከሌን ብቻ ለአባቴ ስነግረው መነጽሩን አወለቀ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አለሳልሼ ጻፍኩት። በሚቀጥለው ጠንከር አደርገዋለሁ።»