የቀትሩ ሌባ

ባሌ አባቴ ያወረሰኝን አሮጌ መኪና «ያ ቆርቆሮ» እያለ ነበር የሚጠራት። ኤሲዋ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶላት ሦስቴም ሙቅ አየር መትፋት ስትጀምር ትዕግሥቱ አለቀ። «ገዢ አግኝቻለሁ፤ እሑድ ከሰዓት መጥቶ ያያታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በድሬ ሙቀት ኤሲ የሌለው መኪና ምድጃ ነው።

«እስከ እሑድ ባሠራትስ?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «በቀትር ከከተማ ወጥተን ቢዮ አዋሌ ደርሰን እስክንመለስ ካቀዘቀዘች አልሸጣትም።»

«በል እጄን ምታ!» አልኩት በንዴት። መታ።

መካኒካችን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራ ጎበዝ ሰው ነው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ገና አየሩ ሳይግል፣ ቱቦዎቹን የሳሙና አረፋ እየቀባ ይፈትሻል። የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋው ይነፋል። ግን አይነፋም። «አቦ፣ ምንም የላትም!» ይለኛል። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንደ ከተማው ሁሉ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ምሳ፣ ከዚያ በርጫ፤ ፀሐይዋ እስክትበርድ ጫቱን ትቶ ማን ብረት ይነካል?

አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። «ብልሽት ሌባ ነው፤ የሚያዘው በሚሠራበት ሰዓት ነው» ይል ነበር። ዓርብ ዕለት ይህ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ራሴን ታዘብኩ። የምትከዳን በቀትር፣ የምናስፈትሻት በጠዋት!

ቅዳሜ ጠዋት ጋዝ አስሞላሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ አቁሜ ሞተሯን አስነሣሁ፤ ኤሲውን ከፈትኩ። ፎጣ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ በቀለም ብሩሽ አረፋውን መቀባት ጀመርኩ። ጎረቤቴ ከጥላ ሆና «አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?» ትለኛለች። የኮፈኑ ብረት ክንዴን ለበለበኝ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ፣ አንዲት መጋጠሚያ ላይ፣ አረፋው ብቅ፣ ብቅ፣ ብቅ አለ።

«ያዝኩህ!» ብዬ ጮህኩ። እልልም ያልኩ መሰለኝ።

መካኒኩን ከበርጫው አስነሣሁት፤ ጉንጩ እንደሞላ መጣ። ጎንበስ ብሎ አረፋውን አየ። «ወላሂ፣ በዚህ ሰዓት ኮፈን ከፍቼ አላውቅም» አለኝ። ሌባዋ ብረቱ ሲግል ብቻ አፏን የምትከፍት አንዲት ያረጀች የጎማ ቀለበት ነበረች። ቀየራትና ጋዙን ሞላ። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ኮራሁ!

እሑድ በቀትር እኔ እየነዳሁ ወደ ቢዮ አዋሌ ወጣን። ባሌ አንድ ስሕተት ባገኝ ብሎ እጁን ኤሲው አፍ ላይ ደቅኗል። ስንመለስ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈና «እስቲ ትንሽ ቀንሺው» አለ።

«ምን አልከኝ?»

«በረደኝ አልኩሽ!»

ጨመርኩበት።

ቤት ስንደርስ ገዢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ባሌ ከመኪናው ወርዶ ጨበጠው። «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምንህ፤ ይቅርታ» አለው። «መኪናዋ የሚስቴ ናት። እንኳን ልሸጣት፣ ሳላስፈቅድም አልነካት።»