ያኮረፈው ጊዘር

የዓለምወርቅ ስታመሰግን ለከት የላትም። ታክሲ ሲያመልጣት ተመስገን፣ ዝናብ ሲያበሰብሳት ተመስገን። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ገበያ ላይ ብርድ ልብስ ስትሸጥ አንድ ቀን ቦርሳዋን ነጥቀው ሲሮጡ፣ «ተመስገን፣ መነጽሬን እንኳ ተዉልኝ!» ብላ ጎረቤት ነጋዴዎችን በሳቅ ገድላለች። በዚህች ሴት አፍ እርግማን የገባው አንድ ሐምሌ ላይ ነው። እሱም በሰው ላይ አይደለም፤ በጊዘር ላይ ነው።

ጊዘሩ ያለው ካራቫኗ ውስጥ ነው። ካራቫን መኪና የሚጎትተው ቤት ነው፤ ሌላው ሰው ለሽርሽር ይዞት ይሄዳል፣ የዓለምወርቅ ግን ትኖርበታለች። ባሏ ማናሴ በሕይወት ሳለ አገር ለቆ ከሚሄድ ሽማግሌ ገዝቶት ነበር፤ ከከተማ ከተማ እየዞርን ብርድ ልብስ እንሸጥበታለን ብሎ። ሁለት ዓመት ዞሩበት። ማናሴ ሲሞት ጎማዎቹን አውልቃ ሸጠች፣ ካራቫኑን ቴምቢሳ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ደግ አከራይ ግቢ ብሎኬት ላይ አስቀመጠችው፣ ኑሮዋንም እዚያው አደረገች። አልጋ አለው፣ ጠረጴዛ አለው፣ ከቁም ሣጥን የማይሰፋ መታጠቢያ አለው። ከመታጠቢያው ጎን ደግሞ በጋዝ የሚሠራ፣ አንድ ባልዲ ያህል ውሃ የሚያሞቅ ጊዘር ተሰቅሏል። «ባለ ሙቅ ውሃ ነኝ እኮ!» እያለች ትኩራራበታለች።

ትኩራራበት እንጂ፣ ሥራ ሠርታበታለች! እዚህ ደቡብ አፍሪካ የመጡ የእኛ ልጆች አብዛኞቹ የሚኖሩት ስፓዛ በሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቃቸው ጓዳ ነው፤ ከፊት ዳቦና ስኳር፣ ከኋላ ፍራሽ። እናት አገር ቤት፣ አማት አገር ቤት። ታዲያ አንዷ ስትወልድ ማን ያጥባታል? ማን ገንፎ ያገነፋላታል? የዓለምወርቅ ናታ! በስምንት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ አራስ እዚያች ካራቫን ውስጥ አስተኝታ፣ አጥባ፣ አብልታ፣ ወዟን መልሳ ለባሏ አስረክባለች። እሷ ራሷ አልወለደችም። ይህን የሚያነሳባት ሰው ካለ፣ «እኔ እኮ አሥራ አንድ ጊዜ አያት ሆኛለሁ፤ አንተ ስንት ጊዜ ሆነሃል?» ብላ አፉን ታስይዘዋለች።

አሥራ ሁለተኛዋ ፊቤ ናት። ባሏ ምሕረቱ ከካራቫኑ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ስፓዛ አለው። ፊቤ ወንድ ልጅ በወለደች በሦስተኛው ቀን ምሕረቱ ሁለቱንም አምጥቶ ካራቫኑ ውስጥ አስገባና የፊቤን እናት ከሆሳዕና በስልክ ምስል አገናኘ። ሴትዮዋ ገና የልጃቸውን ፊት ሲያዩ እንባቸው ቀደማቸው።

«የዓለምወርቅ፣ እቴ፣ ልጄን አደራሽን! ሙቅ ውሃ አይጓደልባት። ብርድ እንዳያገኛት።»

«እንቅልፍዎን ይተኙ» አለች የዓለምወርቅ። «ሙቅ ውሃ የጎደለባት ቀን ስሜን ይቀይሩት።»

አፏን ሞልታ ነው ያለችው። ከዚያ ስልኩ ሲዘጋ አደራው ትከሻዋ ላይ ተጫነ፤ የሰው ልጅ፣ ያውም ከነልጇ።

በብርድ ነገር ደግሞ የዓለምወርቅ የታወቀች ናት። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ወዮለት። ከኋላ ወንበር ሆና «ይቺን ዝጋልኝ የኔ ልጅ» ትላለች፤ በአማርኛ ነው የምትለው፤ ሰውየው ባይገባው ከመቀመጫዋ ተነሥታ በገዛ እጇ ትዘጋዋለች። ሐምሌ ደግሞ የጆሃንስበርግ ክረምት ነው፤ የግቢው ሣር አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ያድራል። የአራስ ሰውነት ክፍት ነው፣ ንፋስ አንዴ ከገባባት ዕድሜ ልኳን አይወጣላትም፤ የዓለምወርቅ ያደገችው ይህን እየሰማች ነው። የፊተኞቹን አራሶች በብርድ ልብስ ብዛት አሳልፋቸው ነበር። ለፊቤ ግን አደራ አለባት፣ ክረምቱም ከሌላው ዓመት የከፋ ነው። ስለዚህ ልጅቷን አደላድላ ካስተኛች በኋላ ካራቫኑን እየዞረች ትመረምር ጀመር። በሩ ግርጌ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አገኘች። ወለሉ ላይ ሁለት። ጊዘሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሌላ አንድ። በሁሉም ብርዱ ሽው ይላል።

«ይሄን ሁሉ ቀዳዳ የበሳው ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» አለች። አሮጌ ብርድ ልብስ ቀድዳ አራቱንም ጠቀጠቀቻቸው፤ በላዩም በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ለጠፈችባቸው። ካራቫኑ ሞቅ አለ። ፊቤም «እፎይ» ብላ ተኛች።

ከማግስቱ ጀምሮ ጊዘሩ አኮረፈ።

ቁልፉን ተጭና ትለኩሰዋለች፤ ሰማያዊው እሳት ቦግ ይላል፤ ውሃው ገና ለብ ሲል እልም! እንደገና ትለኩሳለች፤ እልም! የጋዙን ሲሊንደር በአዲስ ሙሉ ሲሊንደር ቀየረችው፤ ያው ነው። የምግብ ምድጃዋ ያለው ደጅ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነውና በድስት እያፈላች ማስገባት ጀመረች፤ ነገር ግን አንድ ድስት ለአራስ ገላ ምን ይሆናል? ሁለተኛው እስኪፈላ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል። በስድስተኛው ቀን ፊቤ ታጥባ ስትወጣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የዓለምወርቅ ያን ስታይ ጊዘሩን በጥፊ አጮለችው።

«እርጉም! ማናሴ በላቡ የገዛህ እንዲህ ልታዋርደኝ ነው? ሞት ይርሳህ አልልህም፤ ዝገት ይብላህ!»

እርዳታ ፍለጋ ያልረገጠችው የለም። የቤት ጊዘር የሚጠግን ቧንቧ ሠራተኛ መጣ፤ ከበሩ ላይ አየና «ካራቫን አልነካም» ብሎ መኪናውን አዞረ። ካራቫን የሚጠግን አንድ ጋራዥ ጋ ደወለች።

«ይዘሽው ነይ» አሏት።

«ጎማ የለውም» አለች።

«እንግዲያው ጎማ አስገጥመሽ አምጪው። ወረፋው ሦስት ሳምንት ነው።»

«ሦስት ሳምንት! እስከዚያ ልጁ ቆሞ ይሄዳል!» ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው።

ሐሙስ ዕለት ሀቢሶ መጣላት። ሀቢሶ ቶኮዛ በሚባል ሌላ ሰፈር ፍሪጅ የሚጠግን የአገሯ ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ። የጊዘሩን ክዳን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አየና ሳቀ።

«እትዬ፣ ይቺን ያዩዋታል? እሳቱን የምትቆርጠው ይቺ ትንሿ ነገር ናት። ተበላሽታለች። በሽቦ አገናኝቼ አልፋታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እሳቱ ቢፈልጉ እስከ ማታ አይጠፋም።» ሽቦው ግን ቶኮዛ ቀርቷል። ቅዳሜ ጠዋት ይዞ ሊመጣ ተቀጣጠሩ። የዓለምወርቅ እስከ ግቢው በር እየመረቀች ሸኘችው።

ዓርብ ጠዋት ስኳር ልትወስድ ወደ ምሕረቱ ሱቅ ወረደች። ምሕረቱ እንደ ስፓዛ ነጋዴ ሁሉ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ነው የሚቆመው፤ ሰውን የሚያውቀውም በፍርግርጉ ቀዳዳ በሚያልፈው ዕቃ ነው። አንዷ ደንበኛ «ግማሽ ዳቦ» ናት፣ አንዱ «የአምስት ካርድ» ነው። ደንበኞቹም በፈንታቸው እሱን «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት። የዓለምወርቅ ፍርግርጉን ይዛ የጊዘሩን በደል ስትዘረዝር፣ ከአጠገቧ ቆመው የነበሩት «ሁለት ሲጋራ» ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እየመጡ ሁለት ፍሬ ሲጋራ ገዝተው የሚሄዱ ሽማግሌ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ገፋ አደረጉ። «ማይ ፍሬንድ፣ ከምትሉት ሁለት ቃል ገባኝ። ካራቫን። ጊዘር። ምን ሆነ?»

ነገሯቸው። ሽማግሌው ሲቶሌ እባላለሁ አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩት ካራቫን ፋብሪካ ውስጥ ነው። ምሕረቱ ራሱን ያዘ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ከፊቴ ቆመው! እንዴት ሳይነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ ሲቶሌ። «እኔስ ያንተን ስም መቼ ጠየቅሁ? ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

የዓለምወርቅ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» አለች፤ ወዲያውም በዙሉ «ንጊያቦንጋ ባባ!» አለቻቸው። ከዙሉ ቋንቋ መጀመሪያ የያዘችው ቃል ይሄ ነው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ለእሷ ሌላ ምን ሊቀድም ኖሯል?

ቅዳሜ ጠዋት ሲቶሌ የካቻቢቴ ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። ፊቤ ሕፃኑን አቅፋ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላም አሉና ተንበርክከው ጊዘሩን ለኮሱ። እሳቱ ቦግ አለ። ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ። እልም ሲል ፈገግ አሉ። የዓለምወርቅ በዚያ ፈገግታ ንድድ አላት፤ ምን ያስቃል? ሽማግሌው ግን ዞር ብለው ወለሉን በጣታቸው ዳበሱ፣ ፕላስተሩን ላጥ አደረጉ፣ ጨርቁን ጎትተው አወጡ። የግድግዳውንም፣ የበሩንም አወጡ። አራቱን ቁራጭ ብርድ ልብስ በእጃቸው ይዘው ሲነሡ ፈገግታቸው የለም።

«ይሄን የጠቀጠቀው ማን ነው?»

ይህን ጊዜ ሀቢሶ የሽቦ ጥቅሉን ይዞ ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር። ምሕረቱም ሱቁን ለሰው ሰጥቶ መጥቷል። የዓለምወርቅ ሁሉንም አየቻቸው። ባሌ ነው ማለት ትችል ነበር፤ ሙት መልስ አይሰጥ። የሸጠልን ሰውዬ ነው ማለትም ትችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ብርድ እንዳይገባባት ብዬ።»

ሲቶሌ የመታጠቢያው ደፍ ላይ ተቀመጡ። «ማማ፣ እሳት እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። ይሄ ቀዳዳ ሲደፈን አየሩ ያልቅና እሳቱ መርዝ መትፋት ይጀምራል። ሽታ የለው፣ ጢስ የለው። ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፤ ከዚያ አይነሣም። በፋብሪካው የእኔ ሥራ ይሄን ቀዳዳ መብሳት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በሳሁ፤ ሰዎች ለብርድ እያሉ ይደፍኑታል። አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ...» ሕፃኑን አዩና ሳይጨርሱት ተዉት። ከዚያ የጊዘሩን ክዳን ከፍተው እሳቱን የምትቆርጠውን ያቺን ትንሽ ነገር በካቻቢቴያቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። «ይቺ አየሩ ሲከፋ ታውቃለች። እሳቱን ታንቀዋለች። ጊዘርሽ አልተበላሸም፣ ማማ። ሰሞኑን ሲጠፋብሽ የከረመው እናንተን ሲያተርፍ ነው።»

ሀቢሶ በእጁ ያለውን ሽቦ አየ። «እትዬ... ሐሙስ ዕለት ሽቦ ይዤ ቢሆን ኖሮ...»

«አትጨርሰው» አለች የዓለምወርቅ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የፊቤን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ ልገድልሽ ነበር። አደራ የተቀበልኩሽን፣ በገዛ እጄ።»

ፊቤ ናት የተናገረችው። «ፕላስተሩን በጥርሴ እየቆረጥኩ ያቀበልኩዎት ማን ሆነና ነው፣ እትዬ? ሁለታችንም አላወቅንም። ይኸው አለን።» አለችና ራሷ አለቀሰች፤ ከዚያ ሕፃኑም ተከተላት።

የዓለምወርቅ ተነሥታ ወደ ጊዘሩ ሄደች። ባለፈው በጥፊ የመታችበት ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች። «ይቅር በለኝ» አለችው። «ሳይደግስ አይጣላም ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ የተራገምኩት ድግሱን ኖሯል! ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን።» ሰው ከቆርቆሮ ጋር ሲታረቅ ሲቶሌ አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ ቦርሳቸውን ከፍተው ሥራቸውን ያዙ።

ጥላሸቱን ጠረጉ፣ ወንፊቶቹን አጽድተው መለሱ፣ የመታጠቢያውን መስኮት የተጣበቀ መያዣ ዘይት ቀብተው አላቀቁ። ትእዛዛቸውም አጭር ነበር፦ ሰው ከመግባቱ በፊት ውሃውን አሙቁ፤ እሳቱን አጥፉ፤ መስኮቱ በእጅ ስፋት ተከፍቶ ይዋል። ዋጋ ሲጠይቋቸው የአራስ ቤት አይከፈልበትም አሉ። ይሄን ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ የእኛ ሰው አባባል እንጂ የእሳቸው አገር አይመስለኝም ነበር። የዓለምወርቅም ያለ ገንፎ አልለቀቀቻቸውም። «ይሄማ የኛው ፓፕ ነው!» ብለው በደስታ ማንኪያቸውን ከመሃሉ ቅቤና በርበሬ ነከሩት፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳሉ፣ ግን እስከ ሳህኑ ጨረሱት። ምሕረቱ ሙሉ ፓኮ ሲጋራ ሊያስይዛቸው ቢል ሁለቱ ይበቃኛል አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ «ግማሽ ዳቦ»ንም ጠይቆ ስሟን አውቋል።

ከሰዓት በኋላ ፊቤ ታጠበች። እውነተኛ፣ ወገብ የሚያላቅቅ ሙቅ ውሃ! ቀልታ፣ ጉንጯ በርቶ፣ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ አልጋው ላይ ስትቀመጥ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናቸው። ልጃቸውን አዩ፣ የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ከኋላ መጋረጃው ሲወዛወዝ አዩ።

«ያ መስኮት ክፍት ነው እንዴ? የዓለምወርቅ! አደራ ያልኩሽ በብርድ ልትጨርሻት ነው? ዝጊው!»

የዓለምወርቅ እጅ በልማዱ ወደ መያዣው ሄደ። እዚያ ደርሶ ቆመ።

«አልዘጋውም፣ እናቴ» አለች። «ጥፋቴን ጨምሬ ሁሉንም አሁን እነግርዎታለሁ። ስሜንም ይቀይሩት ካሉ ይቀይሩት። መስኮቱ ግን አይዘጋም።»

በዚህ መሃል ሕፃኑ አስነጠሰ። ከሆሳዕና «ይኸው!» የሚል ጩኸት መጣ።

«ይማርህ» አለችው የዓለምወርቅ፤ አራተኛ ብርድ ልብስ አንሥታ ደረበችለት፣ መስኮቱንም እንደ ከፈተችው ተወችው።