የወይዘሮ ቨርና ዘጠኝ ጥያቄዎች

ወይዘሮ ቨርና ጊሊስ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ ነድተዋል። እዚህ ኬፕ ብሬተን ደሴት፣ የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ተዘግቶ ሰዉ ብቻ በቀረባት ከተማችን፣ ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሁሉ የእሳቸውን ማጅራት እያየ አድጓል፤ እሳቸው ደግሞ የሁሉንም ፊት በስፖኪዮ ያውቁታል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ጡረታ ወጡ። አንድ የበረዶ ወራት ቤት ተቀምጠው ግድግዳ ካዩ በኋላ ግን ወደ ጥናት ክፍላችን መጥተው ሥራ ጠየቁ።

ጥናታችን ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚንገላቱ የሚለካ ነው። ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ወይዘሮ ቨርና ቤት ለቤት ዞረው ያነባሉ፣ መልሱን ያሰፍራሉ፤ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። ሕጉ የተጻፈውን ብቻ ማንበብ ነው። ማብራራት የለም፣ ማገዝ የለም፣ ፊት ማኮሳተር እንኳ የለም።

"መለኪያ ነዋ!" ይላሉ። "ሜትሩን እየለጠጡ ጨርቅ አይለካም።"

በጃንዋሪ መጨረሻ አብሬያቸው ወደ ኮሌት ቡድሮ ቤት ሄድኩ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ኮሌትን "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ይህ ሳይጠየቅ እኛ ዘንድ ማንም ቤት አይገባም።

"የአልፎንስ። የዓሣ አጥማጁ ሳይሆን የማዕድን ሠራተኛው።"

"ባለ አኮርዲዮኑ! የሠርጌን አዳራሽ ወለል በጭፈራ የሰበረው አባትሽ አይደል እንዴ?"

"እሱ እስኪሞት በወንድሙ ያመካኝ ነበር።"

ኮሌት ሳቀች፤ ልጇ ታምሲን ስትገባ ግን ሳቋ ቆመ። ታምሲን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከገና ዕረፍት ወዲህ አውቶብስ አልሳፈርም ብላ አራት ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ ትሄዳለች። እናቷ ትምህርት ቤቱን ብትጠይቅ "ማስረጃ አላገኘንም" ተባለች። የውጤቱን ቅጂ ለቤተሰብ ስለምንሰጥ ኮሌት ተስፋዋን ሁሉ በዚህ መጠይቅ ላይ ጥላለች።

"ባለፉት ሁለት ወራት ተማሪዎች ሆን ብለው መትተውሽ ወይም ገፍትረውሽ ያውቃሉ?"

ታምሲን ጣሪያውን እያየች አሰበች። "አላውቅም።"

"ሆን ብለው ዕቃሽን ወስደውብሽ ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

ዘጠኙም እንዲሁ ሆኑ። ኮሌት ምድጃው ጋ ቆማ የዓሣ ሾርባ ታማስላለች፤ ማንኪያው ድስቱን ይፍቀዋል። በመጨረሻ አልቻለችም።

"የአውቶብሱን ንገሪያቸው እንጂ!"

"ሆን ብለው ወይ ነው ያሉኝ። እነሱ ልብ ውስጥ ያለውን በምን አውቃለሁ? አውቃለሁ ካልኩ እኮ ዋሸሁ።"

እንዲህ የጠራ እውነት ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። በእኛ አቆጣጠር ግን "አላውቅም" ዜሮ ነው። ወይዘሮ ቨርና ድምሩን ጻፉ፦ ዜሮ። ከዚያ የመጨረሻውን ባዶ ገጽ ገለጡ። እዚያ ላይ ልጁ የጨመረው ይጻፋል።

"የኔ ልጅ፣ ልባቸው ይቅር። እኔም በስፖኪዮ የማየው እጅ እንጂ ልብ አልነበረም። እጃቸው ምን አደረገ?"

ታምሲን የአየር ጠባይ እንደሚያነብ ሰው በረጋ ድምፅ ጀመረች። "ዲሴምበር ሁለት፣ ሰኞ፣ ሰባተኛው ወንበር። ኮፍያዬን በመስኮት ጣሉት። ማክሰኞ፣ አንገቴ ውስጥ በረዶ ከተቱ፤ ሁለት ጊዜ። ረቡዕ፣ 'እንደ ውሻ ጩኺና ወንበር እንለቅልሻለን' አሉኝ። ጮኽኩ። አልለቀቁም።"

ገጹ አለቀ። ወይዘሮ ቨርና ሌላ ወረቀት አወጡ፤ እሱም አለቀ። የማንኪያው ድምፅ ከቆመ ቆይቷል።

በማግስቱ ወይዘሮ ቨርና ወረቀቶቹን ጥናቱን በምትመራው በዶክተር ሄልጋ ፍሪሰን ጠረጴዛ ላይ ዘረጓቸው።

"ወይዘሮ ቨርና፣ ይሄ እኮ ድምር ውስጥ አይገባም። ውጤቷ ዜሮ ነው።"

"እንግዲያው መለኪያሽ ተሰብሯል፣ ልጄ።"

"ጥያቄዎቹ በሺህ ልጆች ላይ ተሞክረዋል።"

"እንደ ታምሲን ባሉትስ ላይ?"

ሄልጋ እስካሁን የሞላናቸውን ሠላሳ አንድ መጠይቆች እንዳመጣ አዘዘችኝ። አገላበጥናቸው። በአሥራ አራቱ ላይ "አላውቅም" ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አሥራ አራት ልጆች! አንድ በአንድ ዜሮ እያልኩ ያስገባኋቸው እኔ ነበርኩ፣ አንዳንዴም እያፏጨሁ።

ጥናቱ ገና በሙከራ ላይ ስለነበር ሄልጋ እስክሪብቶ አንስታ "ሆን ብለው" የሚለውን ከዘጠኙም ጥያቄ ሰረዘች።

"ሠላሳ አንዱም ቤት እንደገና ይኬዳል" አለች።

"በዚህ በረዶ? ምናለ አፌን ብይዝ!" አሉ ወይዘሮ ቨርና፣ የመኪና ቁልፋቸውን ቀድመው እያነሱ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ኮሌት ቤት ነው።

"ተማሪዎች መትተውሽ ወይም ገፍትረውሽ ያውቃሉ?"

"አዎ። አሥራ አንድ ጊዜ።"

"ዕቃሽን ወስደውብሽ ያውቃሉ?"

"አዎ። ስድስት።"

ኮሌት ምድጃውን አጥፍታ አጠገባችን ተቀመጠች። ድምሩ ከመለኪያው የመጨረሻ እርከን ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ቨርና ቅጂውን ፈርመው ሰጧት፤ ሁለት ጊዜ አነበበችውና "ነገ ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት በራፉ ላይ ነኝ" አለች።

ለመሄድ ተነሣን። ታምሲን ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

"የነገርኳችሁ የአውቶብሱን ብቻ ነው" አለች። "የምሳ ሰዓቱ ቀርቷል።"

ወይዘሮ ቨርና ግማሽ የለበሱትን ካፖርት መልሰው አወለቁ።