ሣር ማጨጃው እምቢ ያለ ቀን

የእናቴ ሙት ዓመት ዋዜማ ጠዋት፣ ሣር ሊያጭድልን የመጣው ሰውዬ ማጭዱን ወርውሮ ሮጠ።

እኔና አክስቴ በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጥን ነበር። ሰውዬው የግቢውን አንድ ጥግ ጨርሶ ወደ መሃል ሲገባ ድንገት ቀና አለ። ወደኋላ አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ማጭዱን ጣለና ሮጠ፤ ዞሮ ያየን የውጭው በር ጋ ከደረሰ በኋላ ነው።

"እባብ ነው!" አለ። "ክንዴን ያክላል። እኔ እዚህ ውስጥ ሁለተኛ እግሬን አላስገባም።"

አክስቴ አማተበች። ሣሩ በክረምቱ ዝናብ ጉልበት ድረስ አድጎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድንኳን ተካዮቹ ይመጣሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ዘመድና የሰፈር ሰው ሁሉ፣ ልጆቹን ይዞ፣ እዚያ ሣር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሌላ አጫጅ ፍለጋ ሁለት ሰው ብንልክም የእባቡ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶት ቆየን። የሚመጣ ጠፋ።

አባቴ የሆነውን የተረዱት አክስቴ ፊታቸው ቆማ እጇን እያጥመለመለች ካሳየቻቸው በኋላ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ የናፍጣ ሞተር አጠገብ ነው። ጆሯቸው ከሥራው ጋር አብሮ ሄዷል። እሳቸው ግን ይህን አያምኑም። ሐኪም ጋ እንሂድ ባልኳቸው ቁጥር "እኔ እሰማለሁ፤ እናንተ ናችሁ የምታንሾካሹኩት" ይሉኛል። እናቴ በሕይወት እያለች አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠግታ የሰውን ንግግር ትደግምላቸው ስለነበር ነገሩ ብዙም አይታወቅም ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ከሰው ጋር መቀመጥ ተዉ። እኔም ከድሬዳዋ በመጣሁ ቁጥር ስለ ጆሯቸው እያነሳሁ እንጣላ ነበር።

"ማጨጃውን አወጣዋለሁ" አሉ።

የሣር ማጨጃ ሞተር ሐረር ውስጥ ብዙ ሰው ቤት የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አባቴ የገዙት ከዓመታት በፊት፣ ንብረታቸውን ሸጠው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ አገር ሰዎች ነው። በቤንዚን የሚሠራ፣ አራት ጎማ ያለው፣ ከሥሩ እንደ ጎራዴ የሚሽከረከር ምላጭ የታሰረለት ማሽን ነው። እናቴ ግቢዋ በአረንጓዴ ሣር እንዲሸፈን ትፈልግ ስለነበር በየክረምቱ እያስነሱ ያጭዱላት ነበር። ከቀበርናት ጀምሮ ግን አልነኩትም።

ከዕቃ ቤት ጎትተን ስናወጣው አቧራና የሸረሪት ድር ለብሷል። አባቴ እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙና የማስነሻውን ገመድ ሳቡት። ምንም የለም። ደግመው ሳቡት። ሞተሩ እንደሚያስነጥስ ሰው ትንፋሽ ሰብስቦ ዝም አለ። እኔ ተቀብዬ እጄ እስኪላላጥ ሳብኩ።

"በደንብ አልሳብሽውም።"

"ስቤዋለሁ፣ አባባ!"

"ምን?"

"ስቤዋለሁ!"

"አትጩኺብኝ" አሉኝ።

የነዳጅ ጋኑን ክዳን ስከፍት የሸተተኝ የቤንዚን ሽታ አልነበረም፤ የደረቀ የግድግዳ ቀለም ነው የሚሸተው። ቤንዚኑ ዓመቱን ሙሉ ውስጡ ተቀምጦ ተበላሽቷል። ደፋነው። ጎረቤታችን ያለው ባጃጅ ነጂ ከራሱ ጋን በላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ሰጠን። አባቴ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትተው በሳፋ ውስጥ ዘረጉት። ታችኛው ጽዋ ውስጥ እንደ ማር የወፈረ አረንጓዴ ዝቃጭ ተጋግሯል። ከሽቦ ብሩሽ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዝዘው ቤንዚን የሚያልፍበትን ትንሽ ቀዳዳ ወጉት፤ በአፋቸው ነፉት፤ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት። እጃቸው ከድሮው ይልቅ ይንቀጠቀጣል። ልርዳዎት ብዬ እጄን ስዘረጋ በክርናቸው ገፉኝ።

ገጥመን ሳብነው። አልተነሳም።

"ካርቡራተሩ ገና አልጸዳም" አሉ አባቴ።

"እስቲ እሳት መስጠቱን እንይ" አልኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ፊታቸው ቆሜ፣ አፌን እያሳየሁ። እሳት የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታሁት። ጠቁሯል። ከኬብሉ ሳልነቅለው ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስጠግቼ ያዝኩት፤ አባቴ ገመዱን ሳቡ። ጥላ ውስጥ ሆነንም ብልጭታ የሚባል ነገር አላየንም። በአሸዋ ወረቀት ፍቄ ደገምነው። ያው ነው።

አክስቴ ከበረንዳው "ኧረ የድንኳኑ ሰዎች ሊደርሱ ነው! ተዉትና እባቡን በእንጨት እየደበደብን እናባርረው" አለች። አንድም ሰው ወደ ሣሩ የገባ ግን የለም። ማጭዱ አሁንም ሰውዬው የጣለበት ቦታ ተጋድሟል።

አሮጌውን ካንዴላ በመሐረብ ጠቅልዬ በባጃጅ እስከ ጀጎል በር ሄድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ገባሁ። በጊደር መጋላ በኩል በእህል ጆንያና በበርበሬ ነጋዴ መሃል እየተጋፋሁ፣ በጠባቦቹ መንገዶች ወደ ኤረር በር ወረድኩ። የውኃ ፓምፕና የሞተር ሳይክል ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌ አባቴን ከወፍጮው ዘመን ጀምሮ ያውቋቸዋል። ካንዴላውን ተቀብለው ጥርሱን በጥፍራቸው ቆጠሩና ከኋላ ላለችው ልጃቸው በአደርኛ አንድ ነገር አሏት። ካርቶን ይዛ መጣች።

"ይሄ ለፓምፕ ነው፤ ግን ጥርሱም ቁመቱም አንድ ነው" አሉኝ። "አባትሽ ደህና ናቸው? በፊት ጁምዓ ጁምዓ ያልፉ ነበር። አሁን ሰላም ብላቸውም አይመልሱልኝም። አስቀየምኳቸው እንዴ?"

"ኧረ በጭራሽ። ስለማይሰሙ ነው።"

"ሱብሃነላህ! እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ምን አጥፍቼ ይሆን እላለሁ" አሉ። ነገ የእናቴ ሙት ዓመት መሆኑን ስነግራቸው "አላህ ይዘንላት፤ እመጣለሁ ኢንሻአላህ" አሉኝ።

ስመለስ አባቴ ካርቡራተሩን እንደገና ፈትተውት አገኘኋቸው። እሳቸው እሱን መልሰው እስኪገጥሙ አዲሱን ካንዴላ ገጠምኩ፤ ሞከርነው፤ እሳት የለም።

"የሞተ ካንዴላ ነው የሸጠልሽ።"

"አዲስ ነው፣ አባባ።"

"አዲስም ይሞታል!"

ድካሙና ንዴቱ ተደማምሮ እንባዬ መጣ። ሁሉንም ትቼ ልነሳ ነበር። ከዚያ የሞተሩን የላይኛ ሽፋን በካቻቪቴ ፈታሁት፤ አባቴ "እሱ ጋ ምንም የለም" እያሉ። ከሽፋኑ ሥር አይጥ ጎጆ ሠርታ ኖሯል፤ የደረቀ ሣር፣ የጨርቅ ክርና የላስቲክ ቁራጭ። ጎጆውን ጠርጌ ሳወጣ ሞተሩን የሚያጠፋው ቀጭን ሽቦ ታየኝ። ልባሱን አይጧ በልታው መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል፤ የሞተሩም ብረት ላይ ተጋድሟል። እሳቱ ወደ ካንዴላው ሳይደርስ በዚያ በኩል እያለቀ ነበር ማለት ነው።

ሽቦውን ከብረቱ አላቅቄ በናስትሮ መጠቅለል ጀመርኩ። አባቴ ነገሩ ያልተዋጠላቸው መስለው ወደ ማሽኑ ሌላኛ ወገን ዞሩ። ማሽኑን በጎኑ ስላጋደምነው ምላጩ በእሳቸው በኩል ነው፤ እኔ ከሞተሩ ጀርባ ነኝ። ናስትሮውን ጨርሼ፣ ነቅዬ ያቆየሁትን የካንዴላውን የኬብል ቆብ አነሳሁ፤ እሱ ከተሰካ ምላጩን በእጅ ማዞር ብቻ ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል።

"አባባ፣ ልሰካው ነው፤ ምላጩን እንዳይነኩ" አልኩ።

ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ሰካሁት።

ቀና ስል አባቴ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከዋል። ግራ እጃቸው ምላጩ ላይ የተጋገረውን የዓምና ሣር ይፍቃል፤ ቀኝ እጃቸው የምላጩን ጫፍ ጨብጦ፣ ድሮ የሞተር ጉልበት እንደሚፈትኑበት ሁሉ፣ በኃይል ሊያሽከረክሩት ተዘጋጅተዋል። ራሳቸውን የነቀነቁት ሣሩ አልለቅ ብሏቸው እንጂ እኔን ሰምተው አልነበረም።

"አባባ!" ብዬ ጮህኩ።

ከበረንዳው የአክስቴ ትሪ ሲወድቅ ሰማሁ። እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም። ክንዳቸው ሲወጠር አየሁ። እሳቸው ጋ ለመድረስ ማሽኑን መዞር ነበረብኝ፤ ጊዜ የለም። እጄን ወደ ካንዴላው ሰድጄ ቆቡን ጨበጥኩና ነቀልኩት፤ ልክ በዚያው ቅጽበት ምላጩን አሽከረከሩት። ኤሌክትሪኩ ከጣቶቼ እስከ ትከሻዬ እንደ መዶሻ መታኝ። በጀርባዬ ወደቅኩ። ምላጩ ባዶውን አንድ ዙር ዞሮ ቆመ። ቆቡ በእጄ ነው።

አባቴ እኔን መሬት ላይ ሲያዩ ደንግጠው ተነሱ። "ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ?"

ቆቡን አሳየኋቸው። ከዚያ በጣቴ ወደ ምላጩ አመለከትኩ። እሳቸው ቆቡን አዩ፣ ምላጩን አዩ፣ የራሳቸውን እጅ አዩ። የሞተር ሰው ናቸው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀስ ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"ጮኸሽ ነበር?" አሉ።

"አዎ።"

"በጣም?"

አክስቴን አየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ በረንዳው ደረጃ ላይ ቆማለች። "በጣም" አልኩ።

"አልሰማሁሽም" አሉ። "ምንም። እናትሽንም መጨረሻ ላይ የምትለውን አልሰማሁም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ እሺ እሺ እላታለሁ። ምን እንዳለችኝ አላውቅም።"

ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር። አክስቴ ከበረንዳው ወርዳ መጣች። ፊታቸው ላይ ጎንበስ አለችና አንድ በአንድ፣ አፏን እየከፈተች "እኔ አጠገቧ ነበርኩ" አለች። "ብርድ ልብሱን አልብሱኝ ነው ያለችው። አለበሷት እኮ። እግሯን ሁሉ ሸፍነውላታል።"

አባቴ አፏን አተኩረው አዩ። "ድገሚልኝ" አሏት። ደገመችላቸው። ነጠላዋን ይዘው ፊታቸውን ጠረጉ፤ እሷም አልከለከለቻቸውም።

ማሽኑን በጎማው አቆምነው። አባቴ ራቅ ብለው እንዲቆሙ በእጄ ምልክት ሰጠሁና እስኪሄዱ ጠበቅኩ። ቆቡን መልሼ ሰካሁ። ገመዱን ስስበው ሞተሩ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተንተባተበ፣ ሊጠፋ ሲል ነዳጅ ጨመርኩለት፤ ተነሳ። አባቴ መጥተው መዳፋቸውን እጀታው ላይ አሳረፉና ንዝረቱን አዳመጡ። እጀታውን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ነበር። "አንቺ ግፊው" አሉኝ። "እኔ ከፊት ሆኜ ሣሩን አያለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው።"

እሳቸው ረጅም እንጨት ይዘው ከፊቴ፣ ግን ከምላጩ ርቀው፣ ሣሩን እየመቱ ሄዱ። እኔ እየተከተልኩ አጨድኩ። ወደ ግቢው መሃል ስንደርስ አባቴ እንጨታቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ ቆምኩ። ጥቁር ረጅም ነገር ከሣሩ ወጥቶ በታጨደው ላይ ተሳበና ከድንጋይ አጥሩ ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ ውጭው ቦይ ገባ። ከበሩ ላይ ጩኸት ተሰማ፤ ድንኳን ተካዮቹ ደርሰው ኖሮ ሁሉንም አይተዋል። አባቴ ቀዳዳውን በድንጋይና በጭቃ ራሳቸው ደፈኑት።

የቀረውን ሣር ተካዮቹ በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁን ጨረስነው።

በማግስቱ ሰው ሲመጣ አባቴ እንደለመዱት ጓዳ አልተደበቁም። አክስቴን በቀኛቸው አስቀመጡ፤ ሰው ሲያናግራቸው "ጆሮዬ ደክሟል፤ ፊቴን እያየህ ንገረኝ" አሉ። የኤረር በሩ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አድርገው መጡና ብዙ ጊዜ አብረው ተቀመጡ፤ ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ሁለቱም ይስቁ ነበር። በሳምንቱ ሐኪም ጋ አብረን ሄድን። የተሰጣቸውን የጆሮ መሣሪያ መጀመሪያ አካባቢ ጠሉት፤ ማንኪያ ሲወድቅ ሳይቀር ያስደነግጠኛል ብለው አማረሩ። አሁን ድሬዳዋ ሆኜ ስደውል ስልኩን ራሳቸው ያነሳሉ።